ጣሊያን በአንድ ፌስታል

ለላሊበላ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ወጣት ምሥጋናው ሙሉሃብት ለጣሊያን አገር ጉዞው የሚያስፈልገውን ዕቃ አሟልቶ ማሰናዳቱን፣ የተሰናዳውም ዕቃ ተጠቃሎ አንዲት ጥቁር ፌስታል ውስጥ መግባቱን፣ ፌስታሏም ገና ቦታ የሚተርፋት መሆኑን ስንገልጽ ከፍ ያለ ኩራት ይሰማናል። ዕቃው አንድ ካናቴራ፣ አንድ ኮንጎ ጫማ፣ የጥርስ መፋቂያና ጥቂት ሎሚ ነው። ሎሚው ለምን እንዳስፈለገ የሚመለከተው አካል ወደፊት ይገልጻል።

ይህ ማስታወቂያ የትም አልተለጠፈም። ላሊበላ ወሬ ለመስማት ግድግዳ ጠብቃ አታውቅም። ፌስታሏን መጀመሪያ ያየችው የቤት አከራዩ ናት፤ እሷ ለውኃ ወረፋ ነገረች፤ የውኃ ወረፋ ለባጃጅ ተራ ነገረ፤ ባጃጅ ተራም እንደ ልማዱ ጨመር አድርጎበት ለከተማው አከፋፈለ።

«ጣሊያን የሌለ ነገር የለ፤ ምን አሸከመው?» አለ አንዱ ሾፌር።

«ኧረ ኮንጎ ጫማ ለሮም?»

«ዛዲያ ምን አለበት? እዚህ መጥተው ሰባራ ገንቦ የሚገዙት እነሱ አይደሉም እንዴ? ኮንጎውን ሙዚየም ያስገቡለታል።»

ምሥጋናው ከኮሌጅ በዲፕሎማ ከተመረቀ ወዲህ ቀበሌው ከሌሎች ሥራ ፈላጊዎች ጋር አደራጅቶ ኮብልስቶን ያስጠርበዋል። አባቶቹ ከአንድ ቋጥኝ ቤተ መቅደስ ፈልፍለው ባወጡበት አገር፣ እሱ ከአንድ ቋጥኝ ባጃጅ የሚንገጫገጭበት መንገድ ያወጣል። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ይህን «የትውልድ ቅብብሎሽ» ብለው አስጨብጭበውበታል። ታዲያ ባለፈው ጥቅምት አንድ ጣሊያናዊ የድንጋይ ባለሙያ ሲጠርብ አይቶት፣ «ይህ እጅ እኛ አገር መጥቶ መሠልጠን አለበት» ብሎ ግብዣ ላከለት ይባላል። ይባላል ማለታችን፣ ጣሊያናዊውን ከምሥጋናው በቀር ያየ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ወሬውን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሳቁ ሰብሌ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ሰብሌ የጋሽ አረጋ ልጅ ናት። ጋሽ አረጋ ደግሞ ከከተማው በላይ በኩል፣ በረንዳው ገደሉን የሚያይ ሆቴል አላቸው። ልጅቱ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ሆና ስታድግ አንድ ሙያ ተምራለች፤ ሻንጣ ታነባለች። ባለጎማ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ የሚመጣ «ውኃው አይሞቅም» ብሎ ያማርራል። ሻንጣውን በገመድ ያሰረ ቁርሱን ከራሱ ስንቅ ይበላል። ለቀብር የሚመጣ ሰው ቅያሪ ልብስ አይዝም። ባለፈው ወር ግን አንድ እንግዳ መጣ፤ ደባሱ የሚባል፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው። እጁ ላይ ምንም አልነበረም። አድሮ ሲሄድ አልጋውን ራሱ አንጥፎ፣ ማንም ያልተኛበት አስመስሎ ሄደ። ሰብሌ ከእሱ ያነበበችው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ስትከፍት፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ሁልጊዜ አስቀድማ መስኮቱን ትከፍታለች።

ጋሽ አረጋ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ የወገል ጤና ሰው፣ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ነጋዴ፣ ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክባቸው «ትቆይ፤ ገና ናት» ብለው የመለሱ አባት ናቸው። ስለ ምሥጋናው የተጠየቁ ዕለት ግን፣ በሆቴሉ በር ላይ ቆመው፣ እሱ ራሱ እየሰማ፣ «ድንጋይ ጠራቢና ድንጋይ ነጋዴ አንድ አይደሉም» አሉ። ለልጃቸውም ለብቻዋ ነገሯት፤ ከዚያ ልጅ ጋር ከከተማ ወጥታ ታየች የተባለ ዕለት፣ ነጋዴው ሁለተኛ ሽማግሌ መላክ አያስፈልገውም።

* * *

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብሌ የሠራችውን ሹራብና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ በነጠላዋ ሸሽጋ ወደ ድንጋይ መጥረቢያው ሜዳ ወረደች። ምሥጋናው ከክምሩ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ይጠርባል። ነገ የሚሄድ ሰው ዛሬ ለምን እንደሚጠርብ ለመጠየቅ አስባ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ተወችው።

«ሹራቡን አምጥቼልሃለሁ። እንግዶቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ በጥር ጣሊያን ይበርዳል።»

«አልይዘውም።»

«ምን ማለት ነው አልይዘውም?»

«ቀለል ብዬ ነው መሄድ የፈለግሁት።»

«ለብሰኸው ሂዳ። የለበሱት ልብስ አይከብድም።»

«ይሞቀኛል።»

«በጥር?»

መሮው ላይ አንድ ጊዜ መታ። ድንጋዩ መሰንጠቅ ባለበት በኩል አልተሰነጠቀም። እንደዚያ ሲሆንበት አይታ አታውቅም።

«እሺ ስንቁንስ?» አለች ከረጢቱን እያስቀመጠች። «መንገደኛ ስንቅ አይመልስም። እናትህ ይህን ሳይነግሩህ ነው ያሳደጉህ?»

«አውሮፕላን ላይ ምግብ አለ።»

«አንዲት ብስኩት ናት። እንግዶቹ ሲያማርሩ ስሰማ ነው የምውለው።»

«ሰብሌ፣ ተይኝ በናትሽ።»

ዓይኑን ከድንጋዩ ላይ አላነሳም። ሌላ ጊዜ እሷ ስትመጣ መሮውን ጥሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ሳቁን መደበቅ እያቃተው የሚነሳ ሰው ነው። ዛሬ ፀሐዩ አናት እየበሳ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ቆልፏል።

«ቄስ ልትሆን ነው?» አለችና ልትፈታለት እጇን ሰደደች።

አንጓዋን ያዛት። እጁ የድንጋይ አቧራ ነበረበት። ቁልፉ ግን ቀድሞ ተፈቶ፣ አንገቱ ላይ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ አንድ ቀጭን መስመር ታያት። ከክርስትናው ጀምሮ ማዕተቡ የነበረበት ቦታ ነው።

«ማዕተብህስ?»

«ተበጠሰ።»

«ታዲያ ሌላ ይታሰራላ። አንድ ክር አይደለች?»

«ሲመቸኝ።»

ሰብሌ ቆማ ቀረች። ሻንጣ ስታነብ የኖረች ልጅ የምትወደውን ሰው ስታነብ ግን ተሳሳተች። ሰውዬው ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር አፍሮብናል ብላ አሰበች። ሹራቡን፣ ስንቁን፣ ማዕተቡን፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ እዚህ አራግፎ ሊሄድ ነው።

«እኔንስ?» አለች። «እኔን በየትኛው ነው የምትይዘኝ?»

አሁን ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንቺን አልይዝሽም» አለ። «አንቺ እዚሁ ሁኚ። ምንም ቢሆን እዚሁ ሁኚ።»

እሷ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሹራቡን አንሥታ ዳገቱን ስትወጣ ከኋላዋ የመሮው ድምፅ እንዲመለስ ጠበቀች። አልተመለሰም። ደረቷ ውስጥ የነበረው ነገር ቁጣ እንዲሆን ፈለገች፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

* * *

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰብሌ ሹራቡን ይዛ እትዬ ኡሙሀኒ ዘንድ ሄደች። እትዬ ኡሙሀኒ ከመርሳ ጨርቅ እያመጡ የሚነግዱ፣ የሚገዛውንም የማይገዛውንም አስቀምጠው የሚያጫውቱ ሴት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በጨዋታው መሃል ድንገት ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ፤ ገበያተኛው ለምዶታል።

«ይህን ይሽጡልኝ» አለች።

እትዬ ኡሙሀኒ ሹራቡን ዘርግተው አዩት። «የኔ ዓለም፣ በፍቅር የተሠራ ሹራብ ገበያ አያወጣም። ሁልጊዜ እጅጌው ይረዝማል። የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«የማንም ካልሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ሰብሌ ነገረቻቸው። ስለ ጣሊያኑ ግብዣ ስትነግራቸው ጨርቅ በክንዳቸው እየለኩ ይሰማሉ። ስለ ፌስታሉ ስትነግራቸው «ወንድ ልጅ ዕቃ መያዝ መች ያውቅበታል» ብለው ሳቁ። ሎሚው ላይ ስትደርስ ክንዳቸው ከጨርቁ ጋር አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ሎሚ።»

«ሎሚ ለባሕር ነው» አሉ። «ጀልባ ላይ ሲያጥወለውል ይመጥጡታል። ማዕተቡስ አለ?»

«ተበጠሰ አለኝ። እርስዎ በምን አወቁ?»

እትዬ ኡሙሀኒ ጨርቁን አስቀመጡት። «ደባሱ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

ሰብሌ መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ ማንም ያልተኛበት የሚመስለው ያ አልጋ ፊቷ ላይ መጣባት።

«ልጄ አባስ ከቤት ሲወጣ ፌስታል ነበር የያዘው» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። ድምፃቸው ዋጋ ሲናገሩ ካለው ድምፅ አይለይም። «ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ አለኝ። ልብስህስ ብለው፣ እማ፣ ቀለል ብዬ ልሂድ አለኝ። ደባሱ ነው እንደዚያ የሚያስተምራቸው። ዕቃ የያዘ ሰው ኬላ ላይ መንገደኛ ነው፤ ይጠየቃል። ፌስታል የያዘ ገበያተኛ ነው፤ ያልፋል። የእናንተንም ልጆች ማዕተባቸውን ያስበጥሳል፤ ዐረብ አገር ስትደርሱ ያስጠረጥራችኋል እያለ። ስም ይሰጣቸዋል። ወላሂ፣ እዚህ ወሎ አብረን ስንኖር ማን ማንን በጥስ ብሎ ያውቃል? እሱ የኛም የናንተም አይደለም። ለእሱ ሁላችንም ጭነት ነን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በረሃው ነው። ከዚያ ጀልባው። ጀልባው የከበደ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጣለው ዕቃ ነው አሉ።»

«ዕቃ ከሌለስ?»

እትዬ ኡሙሀኒ የለኩትን ጨርቅ አጠፉት። እንደገና አጠፉት፤ የሚታጠፍ እስኪያጣ።

«የኔ ልጅ ዕቃ አልነበረውም» አሉ።

በዙሪያቸው ገበያው ይንጫጫል፤ አንዱ ፍየል ይጎትታል፣ አንዷ በርበሬ ታስቀምሳለች። ሰብሌ አንዱንም አልሰማችም። ምሥጋናው ጠዋት ሄዷል። መሸኘት ትታ፣ አኩርፋ፣ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ሲያልፍ አይታዋለች።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። «ከጋሸና አይሱዙው የሚነሳው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ገበያተኛ በሚበዛበት ሰዓት። ለፖሊስ ብትናገሪ ይይዙታል። ሲፈቱት በሌላ ቅዳሜ ይሄዳል። እኔ አባስን አንድ ጊዜ አስይዤዋለሁ።»

ሰብሌ የወርቅ ጉትቾቿን አውልቃ እጃቸው ላይ አኖረች። «ያስቀምጡልኝ። ጥቁር ፌስታል አለዎት?»

«ለምንሽ?»

«ዕቃዬን ልይዝበት።»

«ምን ዕቃ?»

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይያዛል?»

ሴትዮዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ቆይተው፣ ከመደባቸው ሥር አንድ ሳሙናና አንድ ማበጠሪያ አወጡና ራሳቸው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱላት። እጃቸው ይህን ሥራ አንድ ጊዜ የሠራ እጅ ይመስል ነበር።

«አባቴ ከጠየቁ ከእርስዎ ጋር ነበርኩ።»

«ነበረች እላለሁ» አሉ። «ነበርሽም። አላህ ይከተልሽ፤ ሂጂ።»

ፌስታሉ እጇ ላይ ምንም አይከብድም። ያስፈራት ይኸው ነበር።

* * *

ሚኒባሱ የአውሮፕላን ማረፊያውን መገንጠያ ዝም ብሎ አለፈው። ሰብሌ አንገቷን አዙራ መንገዱ እስኪሰወር አየችው፤ ጣሊያን እዚያ ጋ ቀረች።

ጋሸና መንገዶች ብቻ አይደሉም የሚገናኙባት፤ ነፋሶችም ይገናኙባታል። አይሱዙው ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ቆሟል። የባቄላ ጆንያ ተጭኖበት፣ ጆንያው ላይ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ገበያተኛ ይመስሉ ነበር፤ ግን የገዙትም የሸጡትም የላቸውም። ሁሉም ጉልበቱ ላይ ጥቁር ፌስታል አስቀምጧል። ሁሉም አንገቱ ባዶ ነው። ማንም አያወራም።

ደባሱ በመኪናው በር ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። አወቃት።

«እንኳን ደህና መጣሽ። አልጋችሁ ጥሩ ነበር። ልትሸኚ ነው?»

«ልሄድ ነው።»

ፊቷን አይደለም ያየው፤ ፌስታሏን ነው። ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ጎበዝ። ሰው ሁሉ ይህን እስኪገባው ሲያስለፋኝ ይከርማል።»

«ክፍያ አልያዝኩም።»

«እዚያ ሠርተሽ ትከፍያለሽ። ለሴት ሥራ አይጠፋም።» በትሕትና ነው የተናገረው። እጇን ደግፎ ጆንያው ላይ አወጣት። «ከአሁን ጀምሮ ሪሃና ነሽ።»

«ሰብሌ ምን አደረገ?»

«ስምም ዕቃ ነው፣ እህቴ። መንገድ ላይ ይከብዳል።»

ምሥጋናው ከሻይ ቤቱ የወጣው ከጋሻዬ ጋር ነው፤ ጋሻዬ አብሮት ኮብልስቶን የሚጠርብ ልጅ ነው። ምሥጋናው አያት። የመኪናውን ጎን ያዘ።

«ጣሊያን በጋሸና በኩል መሆኑን አልነገርከኝም» አለች።

«ውረጂ።»

«ተመችቶኛል።»

«ሰብሌ፣ ውረጂ፤ ሰው ያየናል።»

«ሪሃና ነኝ። ሰብሌ ከብዳ ቀረች።»

ጋሻዬ ሊስቅ ጀምሮ ተወውና ጆንያው ላይ ወጣ። ምሥጋናው ዘሎ ወጣና አጠገቧ ተንበረከከ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህ መንገድ ለሴት አይሆንም።»

«ለወንድ ይሆናል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አባትሽ በር ላይ ቆመው ድንጋይ ጠራቢ ሲሉ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ ሰው መስዬ ብመለስ…»

«ከተመለስክ።»

«ብዙ ሰው ተመልሷል።»

«የእትዬ ኡሙሀኒ አባስ አልተመለሰም።»

 ነፋሱ በፌስታሎቹ ውስጥ ገብቶ ያንኮሻኩሻቸዋል።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ ብዬ።»

«አልከለከልኩህም። አሁንም አልከለክልህም። መንገዱ ደህና ከሆነ አብረን እንሄዳለን። ደህና ካልሆነ፣ ለምን እንደምትሄድበት አንተ ንገረኝ።»

«የእናቴ በሬ ተሸጧል፣ ሰብሌ። አገር ቤት ሙጃ ላይ እናቴ ሰው ለምና ነው የምታሳርሰው። እንዴት ብዬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ?»

«በሬው ሄዷል። አንተ ግን እዚህ ነህ።»

ሞተሩ ተነሣ። ጆንያው ከሥራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰብሌ ልታስፈራራው የመጣች መስሏት ነበር። እሱ ካልወረደ እሷም እንደማትወርድ፣ ይህ ጨዋታ እንዳልሆነ፣ የገባት ያን ጊዜ ነው። የአባቷ ፊት መጣባት፤ መስኮቱን ቀድማ የምትከፍተው ያ ክፍል መጣባት። የፌስታሏን ጆሮ እጇ ላይ ጠመጠመች። 

ደባሱ ከታች ቀና አለ። በሁለት ጣቱ ምላጭ ይዟል፤ ወረቀቱን እንኳ በጥንቃቄ ነው የገለጠው።

«ሪሃና፣ አንገትሽ ላይ ያለውን ነገር ቁረጪና እንሂድ። ቀስ ብለሽ፤ እንዳይቆርጥሽ።»

ምላጩን ተቀበለችው። በአንድ እጇ ማዕተቧን ከአንገቷ ሳብ አደረገች፤ በሌላው ምላጩን አስጠጋች። ዓይኗን ከምሥጋናው ላይ አልነቀለችም። ጥቁሩ ክር ተወጠረ። ከክሩ በታች ጉሮሮዋ ላይ ያለው የደም ሥር ሲመታ ታየው።

የራሱን ሲቆርጥ ጨለማ ውስጥ ነበር፤ አንድ ክር ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ። አሁን የእሷን በቀን ብርሃን ሲያየው አንድ ክር ብቻ አልነበረም።

እጇን ያዘ። ምላጩ መዳፉን ቆረጠው። አልለቀቃትም።

«እንውረድ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ሰብሌ፣ እንውረድ።»

ሲወርዱ ደባሱ አልተቆጣም። «የወረደ ሁለተኛ አይወጣም፤ የተከፈለም አይመለስም» አለ እንደ ሕግ ጠቃሽ። ከዚያ ወደ ሰብሌ ዞረ። «ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። የት እንደተገናኘን ግን ባትነግሪያቸው ለአንቺው ይሻላል።»

ምሥጋናው ወደ መኪናው ቀና አለ። «ጋሻዬ፣ ውረድ። በናትህ ውረድ።»

ጋሻዬ እነሱ የተነሡበት ቦታ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ፈገግ አለ።

«እኔን ሊያወርድ የመጣ ሰው የለማ» አለ።

አይሱዙው ወደ ወልድያ ቁልቁል ወረደ። ፌስታሎቹ ከሩቅ ሲርገበገቡ፣ አሞራ የሰፈረበት ጭነት ይመስል ነበር። ሁለቱ ማዶና ማዶ ቆመው አዩት፤ አብረው እንዳይታዩ ተራርቀው። ደም ከመዳፉ ይንጠባጠባል። ነጠላዋን ቀድዳ ልታስርለት ፈለገች፤ የተቀደደ ነጠላ ቤት ሲደርስ ይናገራል ብላ ፈራች።

«ከእንግዲህ አትዋሸኝ» አለችው ከመንገዱ ማዶ። «ማንንም አትዋሽ። ውሸትህ እዚህ ድረስ ነው ያመጣህ።»

«አልዋሽም።»

«የኔ እዚህ መምጣትስ?»

«እሱ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ሌላ ነው። ከእጇ የወጣች ትንሽ ምስጢር፣ ስሟን የምታውቅ፣ በዚያ መኪና ተጭና የሄደች መሰላት።

* * *

በሳምንቱ ላሊበላ ለምሥጋናው «ደርሶ መልስ» የሚል ስም አወጣች። ባጃጅ ተራ ሲያልፍ «የሮም ሰዎች ኮንጎውን ወደዱት?» ይሉታል። የተጠቀለለ እጁን ኪሱ ከትቶ ያልፋል። መሮ መያዝ ስለማይችል ቀን ቀን እናቱ ዘንድ ሙጃ ለመሄድ ይነሣና፣ መናኸሪያው ደርሶ ይመለሳል። የጋሻዬን ስልክ ይደውላል። መጀመሪያ ይጠራ ነበር። ከዚያ መጥራቱን ተወ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አረጋ በዘበኛው አስጠሩት። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ገደሉ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ሰብሌ ከጠረጴዛዋ ጀርባ የክፍሎቹን ቁልፍ ትደረድራለች፤ አንዱን ቁልፍ ደጋግማ።

«ተቀመጥ» አሉት።

«ይቅርታዎ፤ ልቁም።»

«እንደወደድክ። ጣሊያን እንዳልነበረ ከተማው ሁሉ አውቋል። የት ልትሄድ እንደነበር እኔም አውቄያለሁ። በዚያ አልወቅስህም፤ አንተን ወደዚያ ከገፉት ሰዎች አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የጠራሁህ ለሌላ ነው።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ቅዳሜ ጋሸና ላይ፣ አይሱዙ ላይ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ልጅ ታይታለች። ጉትቻ የላትም፤ ፌስታል ይዛለች። ያየው ሾፌር የእርስዎን ልጅ መሰለችኝ አለኝ። ልጄን ስጠይቃት ገበያ ነበርኩ አለችኝ። ኡሙሀኒን ብጠይቅ ከእኔ ጋር ነበረች አለች።»

ውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

«አንተን ነው የምጠይቀው። በሬ የተሸጠበትን መንገድ ጥለህ ተመልሰሃል። ሰው ዝም ብሎ አይመለስም። ማን መለሰህ?»

ምሥጋናው ገደሉን አየ። «ማንም አልመለሰኝም» ማለት ይችል ነበር፤ ከተማውን ሁሉ የጣሊያን ወሬ ያስወራ ምላስ ለአንዲት ዐረፍተ ነገር አያንስም። ግን አልዋሽም ብሏል። እውነቱ ደግሞ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱ ሰብሌን ወገል ጤና፣ ነጋዴው ቤት ድረስ የሚወስድ መንገድ ነበር።

«ስማ» አሉ ጋሽ አረጋ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። የለሰለሰው ድምፃቸው ከቁጣቸው ይልቅ ያስፈራ ነበር። «በታች በኩል የድንጋይ ግንብ ላሠራ ነው። ፈርቼ ተመለስኩ ካልከኝ፣ ፈሪ ጠራቢም ቢሆን ይጠርባል፤ ነገ ሥራ ጀምር። ሰው መለሰኝ ካልከኝ፣ ማን እንደሆነ ንገረኝና የማደርገውን አውቃለሁ። ዝም ካልከኝ ግን፣ ከዚህ በር ዳግመኛ አትገባም፤ በበሩም አታልፍም፤ ልጄንም በዓይንህ አታይም።»

ሰብሌ ብድግ አለች። «አባዬ…» የሚለው ከንፈሯ ላይ ነበር። ምሥጋናው በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አያት። ድንጋይ ከመምታቱ በፊት የሚያይበት ዓይን ነበር፤ የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አነባብራ ተደገፈችባቸው።

ጋሽ አረጋ አልዞሩም። ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱ።

«እየጠበቅሁህ ነው። ማን መለሰህ?»

«ጋሽ አረጋ፣ አልናገርም።»

«ለምን?»

«እሱንም አልናገርም።»